ትሪስቴ ያሏት ልጅ

ትናንት ከለቡ ወደ መካኒሳ ስመጣ፣ ታክሲው ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ተማሪ በስልኳ ስፓኒሽ ታጠናለች። «ትሪስቴ፣ ያዘነ... ትሪስቴ፣ ያዘነ» እያለች ስትደጋግም ደሜ ፈላ። ልጅቷ ምን አጠፋች? ምንም። እኔ ግን ይህን ቃል በሰማሁ ቁጥር ጥርሴን እነክሳለሁ።

ቃሉንም ቋንቋውንም ያስተማሩኝ ኩባ ተምረው የመጡት ጎረቤታችን ጋሽ አስፋው ነበሩ። ያኔ ሃያ ዓመት ቢሞላኝ ነው። ቋንቋውን በመቻሌ፣ ልጆችን ለውጭ አገር አሳዳጊዎች የሚሰጥ አንድ ድርጅት በአስተርጓሚነት ቀጠረኝ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ የሀና ማርያም ጭቃ ገና ጫማ በሚያስቀርበት ሰሞን፣ እኔና አንድ የድርጅቱ ሰውዬ ከስፔን የመጡ ባልና ሚስት ይዘን እትዬ ሽታዬ ቤት ሄድን። እትዬ ሽታዬ ባላቸው ሞቶ፣ እሳቸውም ታመው ከርመው፣ ልጃቸውን ትዕግስትን ልስጥ አልስጥ እያሉ ያመነቱ ነበር።

የስድስት ዓመቷ ትዕግስት ፀጉሯን ተሠርታ፣ ፊቷን ቅባት ተቀብታ፣ ግድግዳ ተደግፋ አቀርቅራለች። ለእንግዶቹ ከቀረበው የተጠበሰ የበቆሎ እሸት ሽታው ቤቱን ሞልቶት እንኳ ቀና ብላ አላየችውም። ሰው ፊት የማትቅለበለብ፣ ዓይኗ ምግብ ላይ የማያርፍ ልጅ! የሰፈራችን ሰው ቢያያት «አሳዳጊሽ ይባረክ» ይላት ነበር። ፈረንጇ ግን ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ትሪስቴ» አለች።

«ምን አለች?» አሉኝ እትዬ ሽታዬ።

«ልጅቷ አዝናለች ነው የምትለው።»

«ኧረ አላዘነችም! እንግዳ ፊት አደብ ግዢ ብያት ነው እንጂ። ትዕግስት፣ ሂጂ ተጫወቺ!»

ልጅቷ እንደተፈታ ጥጃ ተፈተለከች። ወዲያው ከጓደኞቿ ጋር ጭቃውን እያንቦጫረቀች መንጫጫት ጀመረች፤ ሳቋ እቤት ድረስ ይሰማል። በሩ ክፍት ስለነበር ሁላችንም አየናት። ፈረንጇም አየች። ከዚያ ዞር ብላ ጣሪያውን ትሪስቴ፣ አልጋውን ትሪስቴ፣ በቆሎውን ሳይቀር ትሪስቴ አለችው። ያን ጊዜ ገባኝ። ጋሽ አስፋው ለሐዘንተኛ ሰው ነው ያሉኝ ቃል፣ ለካ ለትንሽ ቤትም ለትንሽ ምግብም፣ ጎደለ ለተባለ ነገር ሁሉ ይሆናል። ትዕግስትንም የቆጠረቻት ከጣሪያውና ከአልጋው ጋር ነው።

የድርጅቱ ሰውዬ ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ «ይሄን ለእናትየዋ እንዳትነግሪ፤ ነገር ይበላሻል» አለኝ። ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። የሰው ቤት ገብቶ፣ የሰው እሸት እየጋጡ! አንዲት ሳላስቀር ነገርኳቸው።

እትዬ ሽታዬ ቀስ ብለው ተነሡ።

«እስኪ ንገሪልኝ» አሉ። «ልጄ ስትስቅ እያዩ ካለቀሱላት፣ ወስደዋት ስታለቅስ ምን ሊያዩ ነው? አልሰጥም።»

እሱንም ቃል በቃል ተረጎምኩት። በማግስቱ ከሥራ ተባረርኩ። እንኳን ተባረርኩ።

ትናንት ከታክሲው የወረድኩት መካኒሳ አቦ፣ ትዕግስት ሱቅ ደጃፍ ነው። ያቺ ያቀረቀረች ልጅ አሁን አድጋ ወሬ ከጀመረች ማን ያስቆማታል! ትንሿ ልጇ በሩ ጋ አቀርቅራ ቆማለች፤ ብስኩት ብዘረጋላት እናቷን ሳታይ አልተቀበለችኝም። ስንቷ እንዲህ ያለች ጨዋ ልጅ «አዝናለች» ተብላ ከእናቷ ጉያ ወጥታ ይሆን ብዬ ሳስብ ንዴቴ እንደ አዲስ ተነሣ።

«እኔ እንግዳ አይደለሁም የኔ እናት» አልኳት። «ሂጂ ተጫወቺ።»