ፖርሰሊኑ የገባበት ክረምት

ባለፈው ሳምንት ልጄ አዲስ ለተረከበው ቤት ወለል ሊመርጥ «እማ፣ አንቺ ዓይን አለሽ» ብሎ መርካቶ ይዞኝ ወጣ። ከሲኒማ ራስ ወረድ ብለን የሕንፃ ዕቃ ከሚሸጥባቸው ሱቆች አንዱ ገባን። ሻጩ ምላሱ የፈጠነ ወጣት ነው። አንዱን ፖርሰሊን መሬት ላይ አስተኛና ከያዘው የውሃ ፕላስቲክ ጥቂት ጠብ አደረገበት። «ይዩት እናቴ፣ ጠብታ አይጠጣም!» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ውሃው ክብ ሠርቶ እንዳለ ቆየ። ዘንበል ሲያደርገው ደግሞ ተንሸራትቶ ጫማዬ ላይ ፈሰሰ። ልጄ ሳቀ። እኔ ግን መደርደሪያውን ተደገፍኩና ወንበር ስበው አስቀመጡኝ። ሙቀቱ ነው አልኳቸው።

ሙቀቱ አልነበረም። ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ፣ እዚያው አካባቢ፣ ሌላ ሻጭ ልክ እንደዚሁ አድርጎ ውሃ ሲያፈስ አይቻለሁ። ያን ጊዜ የሳቅኩት እኔ ነበርኩ።

ያደግኩት ከአንዋር መስጊድ ጀርባ፣ ቅመም ከሚፈጭባቸው ወፍጮ ቤቶች አለፍ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ ነው። አንድ ረጅም የጭቃ ቤት ለሁለት ተከፍሎ፣ በአንደኛው እኔና እናቴ እንኖራለን፣ በሌላኛው እነ ሙኒራ። ግድግዳው ስስ ስለነበር የሙኒራ አባት ጋሼ ሸምሱ ሲያስነጥሱ እናቴ ከወዲህ ሆና «ይማርዎ» ትላለች። ጋሼ ሸምሱ ብርድ ልብስ ነጋዴ ነበሩ። ሚስታቸው እትዬ ረውዳ ለእኔ ከጎረቤትም በላይ ናት። በተወለድኩ ሰሞን እናቴ ታማ ጡቷ ሲደርቅ፣ በአንዱ ጡቷ ሙኒራን፣ በሌላው እኔን ይዛ ያጠባችን እሷ ናት። አባቴ ቀድሞ ሞቷል። እናቴ አስካለ የእህል ነጋዴዎችን የተቀደደ ጆንያ እየሰፋች ነው ያሳደገችኝ። ጣቶቿ ከወስፌ ብዛት እንደ ቆዳ ጠንክረው ነበር።

በረመዳን የእነ ሙኒራ ሳምቡሳ ከዘይቱ እንደወጣ በሳህን ወደኛ ይመጣል። በዐቢይ ጾም ደግሞ የእናቴ የሱፍ ፍትፍት ወደዚያ ይሄዳል። ክረምትም የጋራችን ነበር። ግቢው ወደ ቤቱ ስለሚያዘቀዝቅ የዝናቡ ውሃ በሁለታችንም በር ፊት በተቆፈረች ቦይ አልፎ ወደ መንገድ ይወጣል። ዶፍ የወረደ ቀን ቦዩ ሞልቶ በሁለቱም በር ይገባል። ያኔ ሁለቱ ሴቶች ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው፣ በጣሳ እየጨለፉ፣ እየተሳሳቁ ውሃውን ያወጡታል። እኛ ልጆቹ አልጋ ላይ ወጥተን እናያቸዋለን። ውሃ የሚያስፈራ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር።

የሙኒራ ኒካህ ለጥቅምት ተቆረጠ። ጋሼ ሸምሱም ንግዱ ቀንቷቸው ስለነበር «ያማቾቼ እግር ሊሾ ላይ አይቆምም!» ብለው ወለሉን ፖርሰሊን ሊያደርጉ ወሰኑ። ያን ጊዜ ፖርሰሊን በእኛ ሰፈር በወሬ እንጂ በዓይን ብዙ አይታወቅም። ቤት ሁሉ ወይ ሊሾ ነው ወይ ላዩ ላይ ፕላስቲክ ምንጣፍ የተነጠፈበት። የሚመርጠው ማን ይሁን ሲባል ሙኒራ «እኔና ሰናይት!» ብላ እጄን ያዘች፤ አባቷም እሺ አሉ።

ግንቦት ነበር፤ አቧራና ፀሐይ። እጅ ለእጅ ተያይዘን በተሸካሚዎች መካከል እየተሽሎከሎክን ሄድን። መንገድ ላይ ማንጎ ገዝታ እየላጠች፣ ጭማቂው በክንዷ እየወረደ፣ ስለሚመጣው ቤቷ ታወራኛለች። ሱቁ ውስጥ ፖርሰሊኖቹ እንደ መጽሐፍ ተደርድረዋል። ቀይ ዳማ አለ፣ ጥቁር አለ፣ እንጨት የሚመስል አለ። ሻጩ ውሃውን አፍስሶ ሲያሳየን እኔ ሳቅኩ። ሙኒራ ዞር አለችና ጠየቀችኝ።

«ሰኒ፣ ቤቱ ያንቺ ቢሆን የቱን ታደርጊ ነበር?»

ወተት የመሰለውን፣ ግራጫ ደም ሥር ያለበትን አሳየኋት። ጫማዋን አውልቃ ቆመችበት። «ወላሂ፣ ይቀዘቅዛል!» አለችና ሳቀች። ያው ተወሰደ። እነ ሙኒራ ቤት የገባው እኔ የመረጥኩት ወለል ነው።

ወለሉን የሚሠራው ደምሴ የሚባል ባለሙያ ነበር። መጀመሪያ በርከክ ብሎ በክር ለካ። ከዚያ ተነስቶ፣ «ጋሼ፣ የድሮው ሊሾ ካልተቆፈረ ወለሉ ይነሳል» አላቸው።

«ይነሳ እንጂ!» አሉ ጋሼ ሸምሱ። «እኔስ የምፈልገው እንዲነሳ አይደል? ዕድሜ ልካችንን ውሃ ስንጨልፍ ኖርን።»

«ደጁ ላይ ያሰቡትን በረንዳም እስከዚህ ካመጣነው ቦዩ መደፈኑ ነው። ውሃው በየት ይወጣል?»

ጋሼ ሸምሱ አንድ ጊዜ ወደ እኛ በር አዩ። እናቴ ደፉ ላይ ተቀምጣ ጆንያ ትሰፋለች። «ክረምት ሳይገባ ከሥሩ ቱቦ አስቀብራለሁ። አንተ ሥራህን ሥራ» አሉት።

እናቴ ቀና አላለችም። ወደ ውስጥ ስትገባ ተከተልኳት።

«እማዬ፣ ሰማሽ?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ አትናገሪም?»

«ሰው ለልጁ ሠርግ ቤቱን ሲያሳምር ምን ብዬ ልናገር?» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ልጄን ያጠባች ሴት በር ላይ ቆሜ ‹ቦዩን መልሱልኝ› ልበል? ቱቦ አስቀብራለሁ ብለዋል እኮ። ሰው ምን ይለኛል?»

ሥራው ሲያልቅ ቤቱ ሌላ ቤት መሰለ። አምፖሉ መሬት ላይ ተገልብጦ ይታያል። እኔ በባዶ እግሬ ገብቼ እንደ ሕፃን ተንሸራተትኩበት። በረንዳው ከደጁ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ፣ ቦዩን ውጦ፣ እኛ በር አጠገብ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እናቴን «ግቢ እንጂ አስካልዬ» ሲሏት በሩ ላይ ቆመች። «እንኳን ደስ ያላችሁ» አለች፤ የተሰነጣጠቀ ተረከዟን አየችና አልገባችም።

ቱቦው አልተቀበረም። መጀመሪያ ለጋሼ ሸምሱ ዕቃ ስለሚገባ ጊዜ ጠፋ። ቀጥሎ ቆፋሪ ታጣ። ሰኔ ሲገባ ደግሞ መሬቱ ርሷል፣ አሁን ቢቆፈር ይናዳል ተባለ። በክፋት ነው ለማለት ዛሬም አፌ አይደፍርም። ሰውዬው በሥራ ተወጥረው ነበር፤ እግራቸውም ደረቅ ነበር።

የመጀመሪያው ዶፍ የወረደ ቀን የግቢው ውሃ በሙሉ ወደ እኛ ዞረ። እትዬ ረውዳ በረንዳዋ ላይ ወጥታ ስታይ ጮኸች። ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ጣሳዋን ይዛ ወረደችና እንደ ድሮው ከእናቴ ጋር ትጨልፍ ጀመር። ግን አልሳቁም።

«ነገ ሰው ያመጣል፤ ወላሂ ነግሬዋለሁ» ትላለች።

«ኧረ ምንም አይደል ረውዳዬ፣ ዝናብ እኮ ነው» ትላለች እናቴ።

ሐምሌን እንዲህ ገፋነው። ከቀትር በኋላ ሰማዩ ሲጠቁር ዕቃችንን ከመሬት እናነሳለን። አልጋችንን ጡብ ላይ ሰቀልነው። የጭቃው ግድግዳ ከሥሩ አብጦ የሻገተ ገለባ ይሸታል። የረጠበ ጆንያ ተመልሶ ሲሄድባቸው ጊዜ ነጋዴዎቹ ለእናቴ ሥራ መስጠት ቀነሱ። ከዚያ ሳሏ መጣ፤ ደረቅ፣ የማያባራ ሳል። አንዳንድ ቀን ባልና ሚስቱ በስልጢኛ ሲጣሉ በግድግዳው በኩል እሰማለሁ። ከሚሉት የሚገባኝ የእናቴ ስም ብቻ ነበር። ሙኒራ ብርድ ልብስ ይዛ መጥታ «እኛ ጋ ኑና ተኙ፣ በአላህ» ብላ ለመነች። እናቴ «ቤቴ እያለ ምን ሆኜ?» ብላ ሳቅ ለማለት ሞከረች፤ ሳሉ ሳቋን ቆረጠው።

አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀ። «አንቺ ካልተናገርሽ እኔ እሄድና እነግራቸዋለሁ» ብዬ ተነሳሁ። እጄን ያዘችኝ፤ እጇ ይተኩሳል።

«መጀመሪያ እኔን ቅበሪ፤ ከዚያ ትናገሪያለሽ» አለችኝ።

ተቀመጥኩ።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ነው። እኔ አንዋር አካባቢ ጨርቅ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ እሠራ ነበር። ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ፤ ቆርቆሮው ከመጮሁ የተነሳ መነጋገር አልተቻለም። ትንሽ ጋብ ሲል ለባለሱቁ እንኳ ሳልናገር ወጣሁ። መንገዱ ወንዝ ሆኗል፤ ካርቶን፣ ሽንኩርት፣ የአንድ እግር ጫማ ይሄዳል። ግቢ ስደርስ የእነ ሙኒራ በር ተቆልፏል። ያን ቀን ሁሉም ወደ አማቾቻቸው ሄደዋል። በረንዳቸው በዝናቡ ታጥቦ ያበራል።

የእኛ በር አልከፈት አለኝ፤ ውሃው ከውስጥ ይዞታል። በትከሻዬ ገፍቼ ገባሁ። የጓሮው ግድግዳ ከሥሩ ተንዶ ጭቃው ቤቱን ሞልቶታል። እናቴ አልጋው ላይ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። ከራስ ፀጉሯ እስከ እግሯ ረጥባ፣ የሰው ጆንያ እቅፏ ውስጥ ቆልላ ትንቀጠቀጣለች። ጆንያዎቹን ለማዳን ስትወርድ ስትወጣ ቆይታለች ማለት ነው። ከንፈሯ ጠቁሯል።

ተሸክሜ አወጣኋት። በግቢው ውስጥ ከውሃ በላይ የነበረው የእነ ሙኒራ በረንዳ ብቻ ነው፤ እዚያ ላይ አስተኛኋት። ነጠላዬን አውልቄ ጠቀለልኳትና ሰው ልጠራ ስል ቀሚሴን ጎተተችኝ። የምትለኝን ለመስማት ጎንበስ አልኩ።

«ጭቃ አደረግንባቸው» አለች። በእጇ ፖርሰሊኑን ልትወለውል ትሞክር ነበር።

ጎረቤት ተጠርቶ፣ በላዳ ታክሲ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ሆስፒታል ወሰድናት። ሳንባዋ ነው አሉን። እትዬ ረውዳ አልጋው ሥር ካርቶን አንጥፋ እየተኛች አስታመመቻት፤ ሾርባ በማንኪያ ታጎርሳታለች። ጳጉሜን ሳይገባ እናቴ ሞተች።

ለቅሶው የት እንደተደረገ ስናገር ሰው አያምነኝም። ግቢው ረግረግ ስለነበር የዕድሩ ድንኳን ሊተከል አልቻለም፤ የእኛ ቤት ፈርሷል። ስለዚህ አልቃሹ ሁሉ እነ ሙኒራ ቤት ገባ። በግንቦት እኔ በመረጥኩት ወለል ላይ ፍራሽ ተነጥፎ የእናቴ ለቅሶ ተለቀሰ። ጋሼ ሸምሱ በሩ አጠገብ ኮፍያቸውን ዝቅ አድርገው ተቀምጠው ነበር። ሰው ሲያናግራቸው ራሳቸውን ብቻ ይነቀንቃሉ።

በሰልስቱ ማግስት ዝናቡ አቁሞ ፀሐይ ወጣ። እትዬ ረውዳ መዶሻና መሮ ይዛ መጣችና ባሏ እግር ሥር ጣለችው።

«ክፈተው!» አለች በአማርኛ፣ ሁላችንም እንድንሰማ። «አሁን ክፈተው!»

ሠራተኛ አልጠሩም። ያ ትልቅ ሰው ኮታቸውን አውልቀው፣ ተንበርክከው፣ በረንዳውን ሰበሩት። ፖርሰሊን ሲሰበር ስለታም ድምፅ አለው፤ ጥርስ ድረስ ይሰማል። ስብርባሪው እጃቸውን ቆርጦት ደሙ ወተት በመሰለው ላይ ይንጠባጠባል። ቦዩ ሲከፈት ቀና ብለው «ልጄ…» አሉኝ። የሚቀጥለው ቃል አልወጣላቸውም። በነጋታው ዕቃዬን ይዤ ኮልፌ አክስቴ ጋ ገባሁ። ወደ ሙኒራ ኒካህ አልሄድኩም።

ዓመታት አለፉ። ግቢው ፈርሶ ሰዉ ሁሉ በየአቅጣጫው ተበተነ። ጋሼ ሸምሱ ሞቱ። ካቻምና እትዬ ረውዳ ስትሞት ሄጄ ከሙኒራ አጠገብ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ጡቷን ለጠባሁት ለእሷ ማልቀስ አልከበደኝም። በየበዓሉ ከሙኒራ ጋር እንደዋወላለን። ስለ ልጆች፣ ስለ ስኳር በሽታችን፣ ስለ ኑሮ ውድነት እናወራለን። ስለዚያ ክረምት አንስተን አናውቅም።

ከልጄ ጋር ከመርካቶ የተመለስኩ ዕለት ማታ ግን እኔው ደወልኩላት።

«ምን ስትሠሪ ዋልሽ?» አለችኝ።

«ከልጄ ጋር ወለል ስንመርጥ።»

ትንፋሿ ይሰማኛል።

«ሰኒ፣ እናቴ ከዚያ በኋላ ዝናብ ሲጥል ቤት ውስጥ አትቀመጥም ነበር» አለችኝ በመጨረሻ። «ኮንዶሚኒየም ከገባን በኋላ እንኳ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆነን፣ ደረጃውን ወርዳ ደጅ ትቆማለች። ውሃው በየት እንደሚሄድ ታያለች። ብንለምናት አትገባም፤ በስብሳ ነው የምትመለሰው።»

«እስከዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ይሉኝታ ይዞኝ» አለች።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ ቆየሁ። በጋሼ ሸምሱ የተናደድኩበት ዘመን አልፏል፤ ያ ደም የሚንጠባጠብ እጃቸው ፊቴ ላይ ሲመጣ ንዴቱ ይበርድብኛል። አልበርድ ያለኝ የእናቴ ነገር ነው። ለቀን ሥራ የመጣ ባዳ ሰው እንኳ ውሃው በየት ይወጣል ብሎ ጠይቋል። እሷ አልጠየቀችም። እየሞተች የሰው በረንዳ በእጇ ትወለውል ነበር። በእናት አይፈረድም ይላሉ፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ እፈርድባታለሁ፣ ከዚያ መልሼ አለቅስላታለሁ።

ይህን ለሙኒራ ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አልነገርኳትም። እኔንም ይሉኝታ ያዘኝ።