በአበራ ሰደርያ ውስጥ ያለው ጋቢ

ጠዋት ለደወለችልኝ ልጅ «ተሳስተሽ ነው፣ ሌላ አበራ ይሆናል» ብዬ ስልኩን ዘጋሁባት። መልሳ ደወለች። የኛው አበራ ነው። በእንቅልፉ አረፈ አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ቁም ሳጥኔን ከፍቼ ፊት ለፊቱ ተቀምጫለሁ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ለብቻዬ አልቻልኩትም።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ፣ እዚህ ስደት አገር፣ ከፌርፋክስ መንገድ ጀርባ አንድ ቤት ተከራይተን ብዙ ሆነን እንኖር ነበር። እኔ ጋርዴና የሶፋ ልብስ እሰፋለሁ፣ አበራ ዌስትቼስተር ኤርፖርቱ አጠገብ ሆቴል ውስጥ ሻንጣ ይሸከማል። ያኔ መንገዱ ላይ የኛ ሰው ምግብ ቤት ገና ብርቅ ነበር። እሁድ ሁላችንም ተኝተን እንውላለን። አንድ እሁድ ግን አበራ ክንዱ በልዞ፣ ፊቱ በርቶ ገባ።

«ኬቨን ኢንቫይት አደረገኝ» አለ። ኬቨን የሥራ ባልደረባው ነው። ለካ ፓርክ ውስጥ ተሰብስበው፣ እንደ ጥንት የአውሮፓ ወታደር ለብሰው፣ ሰይፍ በሚመስል ዱላ የሚጋጠሙ ፈረንጆች አሉ።

«ፈረስ የሌለው ጉግስ በለኛ!» አልኩት። በሳቅ ልሞት።

በሚቀጥለው እሁድ ላየው ሄድኩ። መምታቱንስ ይመታል። ችግሩ ዱላው ባረፈ ቁጥር «እኔን!» ብሎ ይጮህና፣ ሰይፉን ጥሎ የመታውን ሰውዬ ትከሻ ያሻል። ሰው ሲደናቀፍ እንደምንለው ማለት ነው። ፈረንጆቹ ፉከራ መሰላቸው። ትንሽ ቆይቶ ሁሉም «ኢኔን! ኢኔን!» እያሉ ይደባደቡ ጀመር። እኔ ሣሩ ላይ ተንከባለልኩ።

ከዱላው የሚከላከልለት ልብስ ግን አልነበረውም። እነሱ ሸሚዛቸው ላይ የሚደርቡት፣ ውስጡ ወፍራም ነገር ተሞልቶ መደዳውን የተሰፋ ሰደርያ አላቸው። ያለ እሱ መግጠም ክልክል ነው። ኬቨን ያሉትን ሁሉ አውጥቶ አስለካው። እጅህን አንሳ ይለዋል፣ ቁጭ ብድግ በል፣ በረጅሙ ተንፍስ። ወፍራሙን ሲለብስ እጁ አልነሳ አለ፣ ፍራሽ የተሸከመ ወዛደር መሰለ። ስሱ ደግሞ ዱላውን አጥንት ድረስ ያስገባል።

«አንቺ ስፊልኝ» አለኝ።

ሸራ አገኘሁ። ያስቸገረን ውስጡ የሚገባውን መምረጥ ነው። ጥጥ ሞላሁለት፣ አንድ ቦታ ይቋጠራል አለ። ብርድ ልብስ ደረብኩለት፣ ያፍነኛል አለ።

«ለሙሽርነት ነው እንዴ? ለዱላ አይደል!» ብዬ ተቆጣሁ።

ተነስቶ ከአልጋው ሥር ሻንጣውን ጎተተና ጋቢ አወጣ። ለብሶት አይቼ አላውቅም።

«ይሄን ትራይ አድርጊው።»

«ጋቢ ይቀደዳል እንዴ?»

«አትቅደጂው። ዝም ብለሽ አጥፈሽ አስገቢው። ኦኬ?»

ድምፁ ደህና አልነበረም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ጋቢውን አጥፌ በሁለት ሸራ መሀል አድርጌ ሰፋሁት። ልክክ አለለት። እጁ ተነሳ፣ ትንፋሹም እንደልቡ ወጣ።

እሁድ ኬቨን ጀርባውን መታው። ድም አለ። አበራ ባለበት ቀጥ ብሎ ቀረ። ኬቨን ሊያስቀው «ኢኔን!» አለ። አበራ ዱላውን መሬት ላይ አስቀመጠ፣ ሰደርያውን አወለቀ፣ እንደ ሕፃን ታቅፎት ወደ መኪናው ሄደ።

ተከትዬው ገባሁ። «አመመህ?»

«ምንም አልተሰማኝም» አለ። ሰደርያውን ጭኑ ላይ አድርጎ ነገረኝ።

«በደርግ ጊዜ ወታደሮች ቤታችን መጥተው ‹አበራ ማነው?› አሉ። ወንድሜ ታዴ ጋቢውን እንደለበሰ ብድግ አለና ‹አበራ እኔ ነኝ› አላቸው። ጀርባውን በሰደፍ መቱት። ጋቢው በሩ ላይ ወደቀ፣ እሱን ይዘውት ሄዱ። በዚያው ቀረ። እኔ አጠገቡ ቆሜያለሁ፣ ድምፄ አልወጣም።»

ከዚያ ሰደርያውን እየዳበሰ «ዛሬም እሱ ተመታልኝ» አለ።

ለሰው ሁሉ «እኔን» ሲል የምስቅበት ልጅ ይሄ ነበር።

ዳግመኛ አልለበሰውም። «አስቀምጪልኝ፣ እንዳትጥይው» አለኝ። ቤት ቀይሬ ወደ ባልድዊን ሂልስ ስገባም ይዤው ሄድኩ፣ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ሰቀልኩት። ሸራው ድርቅ ያለ ስለሆነ ማንም ሳይለብሰው ትከሻው ቆሞ ይታያል። ልጆቼ ትንንሽ ሳሉ «ሰውዬው አለ» እያሉ ያንን ቁም ሳጥን አይከፍቱም ነበር። እነሱን እቆጣለሁ እንጂ እኔም እፈራው ነበር።

አበራ በዓል በመጣ ቁጥር ቤቴ ይመጣል፣ ይስቃል፣ ያስቃል። ሊሄድ ሲል ጠጋ ብሎ «አለ?» ይለኛል።

«አለ» እለዋለሁ።

ስለዚያ ነገር ከዚህ በላይ ተነጋግረን አናውቅም። ዛሬ ጠዋት በገዛ አፌ «ሌላ አበራ ይሆናል» ማለቴ ትዝ አለኝ። ለካ እኔም እሱን ላስቀር ሌላ ሰው ለሞት ልሰጥ ነበር።

አበርዬ፣ ስፌቱን ስፈታ ዋልኩ። ጋቢው ወጥቷል፣ እንዳልከኝ አልተቀደደም። መታጠፊያው ላይ ትንሽ ቢጫ ብሏል እንጂ ደህና ነው። ነገ ለቀብርህ ይዤው እመጣለሁ፣ ትከሻህ ላይ ጣል አደርግልሃለሁ። ከእንግዲህ አንተንም ታዴንም የሚመታ የለም።

ታዴ እዚያ በር ላይ ጠብቆህ ማነህ ካለህ፣ አበራ እኔ ነኝ በለው። አሁን ድምፅህ ይወጣል።

ደህና ሁን ወንድሜ። እኔን።