ጥጋብን የረሳ ወንድም

በሳን ሁዋን እንደ ዱልያ የታማች ሴት የለችም ብል አላጋነንኩም። የተማሪ ደንብ ልብስ እየሰፋች የምትኖር ሴት ናት፤ የሚያሟት ግን በስፌቷ አይደለም። ወንድሟን በረሃብ ትቀጣለች ብለው ነው። ማቀዝቀዣው ላይ ጓጉንቸር፣ ጓዳው ላይ ጓጉንቸር፣ ቁልፎቹ በክር ተንጠልጥለው አንገቷ ላይ። ይህን ያየ ሰው ምን ይበል? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የዱልያ ጆሮ ግን ባዳ አልነበረም፣ ሁሉንም ትሰማለች። ቤቱን ለብቻዋ ልትወርስ ነው መባሉን እንኳ ሰምታለች።

ጓጉንቸሩን ገዝቶ ያመጣው ማን እንደሆነ ግን አንድም ሰው ጠይቋት አያውቅም።

ኤልፒድዮ ታናሿ ነው። እናታቸው ስትሞት ገና ድክ ድክ የሚል ነበር፤ ያሳደገችው እሷ ናት። አድጎም በሞተር ሰው እያመላለሰ የሚያድር፣ ቀጭን፣ ተጫዋች፣ ምሳውን ግማሹን ትቶ የሚነሳ ጎረምሳ ሆነ። "ኧረ ብላ፣ ነፋስ ይወስድሃል" እያለች ትለምነው የነበረችው ይህችው ዱልያ ናት። አይ ጊዜ! ከዚያ ራስ ምታት መጣ፣ ዓይኑም እየደበዘዘ ሄደ። ዋና ከተማው ሳንቶ ዶሚንጎ ወስደው ከጭንቅላቱ ውስጥ ዕጢ አወጡለት። ነፍሱ ተረፈች፣ ሰፈሩም ሻማ አበራለት። ረሃቡ የጀመረው ገና ከአልጋ ሳይነሳ ነው። ከሕመም የተነሳ ሰው ይርበዋል፣ ደግ ምልክት ነው ተባለ። ዱልያም ደስ ብሏት ስትቀቅልና ስትጠብስ ከረመች። ዓመት ሳይሞላ ሞተሩ አልሸከመው አለ።

ሐኪሟ ነገሩን ሳትደብቅ አስረዳቻት። ስብ ዝም ብሎ የተከማቸ ጮማ አይደለም አለች፤ በደም በኩል ሆርሞን ይልካል፣ "ስንቅ አለን፣ በቃ" ለማለት። ሆድ ደግሞ ባዶ ሲሆን "አምጡ" የሚል የራሱን ሆርሞን ይልካል፤ አንጀትም እህል ሲደርሰው "ደርሶናል" ይላል። ይህን ሁሉ መልእክት የምትቀበለው ከአንጎል ሥር ያለች፣ ከቦሎቄ ፍሬ እምብዛም የማትበልጥ ቦታ ናት። ዕጢው የበቀለው እዚያ ነበር፤ እሱ ሲወጣ እሷም አብራ ተጎዳች። ስቡ ዛሬም በቃ እያለ ይልካል፣ የሚሰማው ግን የለም። አንጎሉ ኤልፒድዮ በጠኔ ሊሞት ነው ብሎ ያምናል፤ ስለዚህ ብላ ብላ ይለዋል፣ የበላትንም ጥቂት ለክፉ ቀን ብሎ ያስቀምጥበታል። መድኃኒት ሞከሩለት፣ አልያዘለትም።

"ስንፍና አይደለም፣ ሆዳምነትም አይደለም" አለች ሐኪሟ። "ግን በዚሁ ከወፈረ አንድ ቀን እንደተኛ ትንፋሹ ይቆማል።"

ዱልያ ከዚህ ሁሉ ትምህርት ይዛ የገባችው የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ነው።

በማግስቱ ኤልፒድዮ ጓጉንቸሮቹን ይዞ መጣ። "ቁልፉን አንቺ ያዢው" አላት። "ብለምንሽም፣ ብሰድብሽም እንዳትሰጪኝ።" ለምኗታል። አፍ አውጥቶ ሰድቧታልም። አልሰጠችውም። እሷም ብትሆን ከዚያ ወዲህ ፊቱ በልታ አታውቅም፤ የስፌት ክፍሏን ዘግታ፣ ቆማ፣ እንደ ሌባ እየጎረሰች ነው የምትውለው።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ጓጉንቸር ምን ሊረባ? እኛ ጋ ጾሙ ከሥጋ ነው፤ ወተትና ስኳር የከለከለን የለም። ቤቱ ሁሉ ቀይ ቦሎቄ ቀቅሎ፣ ፈጭቶ፣ በኮኮናት ወተት፣ በቀረፋና በቅርንፉድ ያንተከትከዋል፤ ስኳር ድንችና ዘቢብ ይገባበታል፣ ከላይ ብስኩት ጣል ይደረጋል። ለራሱ ብቻ የሚሠራ ሰው የለም። ስቅለት ቀን ሳህኑ ከቤት ቤት ይዞራል፣ የመጣልህን አልቀበልም ማለት ነውር ነው።

ዱልያ ገና ከሆሳዕና ጀምራ በር ለበር ዞረች። ዘንድሮ ለእኛ እንዳትልኩ፣ በጌታ ይሁንባችሁ ብላ ለመነች። አንዳንዱ እሺ አላት፤ አንዳንዱ ፊቱን አዞረባት። የእናቷ ጓደኛ የነበሩት ዶንያ ፕሪስካ ግን አፍ ለአፍ ገጠሟት።

"አንቺ ልጅ፣ ጌታ በተሰቀለበት ቀን እንኳ ይራብ ነው የምትይኝ?"

ስለ ሆርሞኑና ስለ አንጎሉ ልትነግራቸው ሞከረች። ስትናገረው ለራሷም ተረት መሰላት። ረሃብ የሚድነው በእህል ነው፣ ይህን ሳልማርም አውቀዋለሁ አሏት። ክፋት የለባቸውም እኮ። ክፋት ቢኖርባቸው ለዱልያ በቀለላት ነበር።

ስቅለት ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ቤቱ ባዶ ነው። ኤልፒድዮን ጓሮ አገኘችው፣ መሬት ላይ ተቀምጦ። ዙሪያውን የጎረቤት ሳህን ሞልቷል፤ የሁሉንም ሳህን ታውቃለች። እያንዳንዷ ሴት "ለእህትህ እንዳትነግር" እያለች በአጥር አሾልካለታለች፤ እያንዳንዷም የላክሁለት እኔ ብቻ ነኝ ብላ አምናለች። ዶንያ ፕሪስካማ የሰጡት ከነድስቱ ነው። ኤልፒድዮ ይበላል፣ እንባው ይወርዳል።

"ውሰጂብኝ ዱልያ" አላት። እጁ ግን ማንኪያውን አልለቀቀም።

ድስቱን ያዘች፣ እሱም ጎተተ። እሷ ምን አቅም አላት? ልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ ወደቀች፣ ክርኗ ደማ። ያሳደገችው ልጅ ስትወድቅ አያት፤ አያትና መብላቱን ቀጠለ።

ዶንያ ፕሪስካ ድስታቸውን ሊወስዱ መጥተው አጥሩ ጋ ቆመው ነበር። ሁሉን አዩ። ቀስ ብለው ገቡና ትከሻውን እየዳበሱ "በቃህ ልጄ፣ በቃህ" አሉት። ቀና ብሎ አያቸው፣ እንደገና ጎረሰ። አሮጊቷ እጃቸው ትከሻው ላይ እንዳለ ዱልያን ተመለከቱ፤ ምን ላድርግ ብለው የሚጠይቁ ይመስላሉ። እሷስ ምን ታውቃለች? ድስቱ ባዶ እስኪሆን ሁለቱም አጠገቡ ቆሙ።

ሲመሻሽ ክርኗን ያሰረላት ኤልፒድዮ ራሱ ነው። አፍሮ ነበር። ዶንያ ፕሪስካ ለዱልያ ብለው ከቤታቸው ያመጡት አንድ ሳህን ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ልትቆልፍበት ስታነሳው እጇን ያዛት።

"ብዪው" አላት። "እዚሁ፣ ፊቴ። ሰው ሲጠግብ ማየት እፈልጋለሁ። ጥጋብ ምን እንደሚመስል ረስቼዋለሁ።"

እምቢ አለች፣ ለመነ፣ ተቀመጠች። እሱም ማዶ ተቀምጦ እጆቹን ጭኑ ሥር አደረገ። በላች። እስከ ግማሽ ደርሳ ማንኪያውን አስቀመጠች።

"ጠገብኩ።"

"በምን አወቅሽ?"

ዱልያ ሆዷን ዳሰሰች፣ ጉሮሮዋን ዳሰሰች። በዕድሜዋ ሁሉ ጠግባለች፤ እንዴት እንደሆነ ግን አስባው አታውቅም።

"እንጃ ወንድሜ" አለችው። "ዝም ብሎ ይመጣል።"

የኤልፒድዮ ዓይን ሳህኑ ላይ ነበር።

"እንግዲያው የተረፈሽን ቶሎ ቆልፊው" አላት።