«እኔን» ያሉት ሴት

ወይዘሮ ሮማነወርቅ አዳማ ውስጥ ሠላሳ ዓመት አማርኛ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጅ አልወለዱም። ከሰርቪስ ቤቶቻቸው አንዱን ያከራዩት ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ለምትሰፋ ኤቢሴ ለምትባል የኩየራ ልጅ ነበር።

አንድ እሑድ ኤቢሴ ልብስ ስታሰጣ ድንጋይ አደናቀፋትና የእግሯ ጣት ደማ።

«እኔን» አሉ ወይዘሮ ሮማነወርቅ።

«እማማ፣ ሁልጊዜ እኔን ይላሉ። እርስዎን ምን?»

አስተማሪነቱ አልለቀቃቸውም። «ግሱ ወድቆ ነው። እናቴ ሙሉውን፣ ‹እኔን ይድፋኝ› ትል ነበር። አንቺን ያገኘሽ ነገር እኔን ያግኘኝ ማለት ነው።»

ኤቢሴ ደሙን እየጠረገች ጠየቀች። «ከልብ ነው?»

«እንዲያው ከአፍ ይወጣል እንጂ። ማንም ይለዋል።»

በዓመቱ የኤቢሴ ፊትና እግር ያብጥ ጀመር። ድካም ነው እያለች ከረመች። ሐኪም ቤት ስትደርስ ሁለቱም ኩላሊቶቿ ሥራ ሊያቆሙ ምንም አልቀራቸውም። እጥበት ጀመረች። እናቷ በሕይወት የሉም፤ አባቷ አቶ ዱጋሳ ስኳር ስላለባቸው ኩላሊት መስጠት አይችሉም ተባለ።

ወይዘሮ ሮማነወርቅ እየደገፉ ያመላልሷት ነበር። ከእጥበት ስትመለስ እንደ ጨርቅ ትዝለፈለፋለች። አንድ ጠዋት ለማንም ሳይናገሩ ሐኪሙ ዘንድ ገቡ።

«የእኔን ኩላሊት ውሰዱላት።»

«ምኗ ነዎት?»

«አከራይዋ።»

ሐኪሙ ዕድሜያቸውን ጠየቀ፤ ግፊታቸውን ለካ። «ዘመድ አይደሉም፤ ዕድሜዎም ገፍቷል፤ ግፊቱም አለ። አይሆንም፣ እማማ።»

 ቤት ተመልሰው ለኤቢሴ ነገሯት።

«ለምን ሄዱ?» አለች።

«ከአፍ ብቻ እንዳይሆን ብዬ።»

«አይሆንም አሉ አይደል?»

«አዎ፣ አይሆንም አሉ።»

ኤቢሴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ወይዘሮ ሮማነወርቅ ብርድ ልብሷን አስተካክለውላት ወጡ። ከዚያ በኋላ ነገሩን አንዳቸውም አላነሱትም።

ግንቦት ላይ አረፈች። አባቷ አስከሬኗን ወደ ኩየራ ወሰዱት፤ ወይዘሮ ሮማነወርቅም አብረው ሄዱ። ከቀብር መልስ አቶ ዱጋሳ ሻሸመኔ መናኸሪያ ድረስ ሸኟቸው። ወይዘሮ ሮማነወርቅ «እኔን» ሊሉ ነበር፤ ተዉት። እጃቸውን ብቻ ያዙ። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል ለቀቋቸውና ገቡ።