የትራንሲታ አራት አፈር

ትራንሲታ ኑካሜንዲ አበልጄ ናት፤ የመጀመሪያ ልጄን ክርስትና ያነሳችው እሷ ናት። እኛ የፓልሚራ ሰዎች ስለ እሷ ስናወራ መጀመሪያ ከአፋችን የሚወጣው «ቁጡ ናት» የሚለው ነው። እውነት ነው። ግን የእሷ ቁጣ እንደ እኛ ቱግ ብሎ፣ ሁለት ስድብ ተሳድቦ የሚበርድ አይደለም። ማለዳ ተነስቶ፣ ባርኔጣውን አጥልቆ፣ ዶማውን ተሸክሞ ሥራ የሚሄድ ቁጣ ነው።

ነገር ከሥሩ ይሻላልና ከመሬቱ ልጀምር። አባቷ፣ መሬት ለገበሬው ሲከፋፈል ከደረሳቸው ሰዎች አንዱ ነበር። ሽማግሌው ሲሞት ወንድሞቿ ቁጭ ብለው ርስቱን ተካፈሉ። ትልቁ ሩቲሊዮ የወንዙን ዳር ደለል ወሰደ። ሁለተኛው ጥቁሩን ዋልካ፣ ሦስተኛው አሸዋማውን ሜዳ ያዘ። ለእሷ ከየመሬቱ ጠርዝ እንደ ዳቦ ቅርፊት አንዳንድ ቁራሽ ቆረሱላት፤ በዚያ ላይ ማንም ያልፈለገውን ቀዩን ዳገት መረቁላት። «ሴት ነሽ፣ ታገቢያለሽ፣ ምን ያደርግልሻል?» አሏት። አገባች፤ ባሏ ግን በአምስተኛው ዓመት ወደ ሰሜን ሥራ ፍለጋ እንደሄደ ቀረ። ሴት ልጇን ያሳደገችው ከአንዱ ቁራሽ ወደ ሌላው ስትሮጥ ነው። ከኛ መንደር አራቱንም አፈር በገዛ እጁ የሚያርስ ሌላ ሰው አልነበረም፤ አሁንም የለም።

ከሃያ ዓመት በፊት ግድም አንድ የዘር ኩባንያ ኢንጂነር ላከብን፤ ሳልዳቫር ይባላል። ሸሚዙ እንደተተኮሰ የሚውል፣ አፉ የማይደክም ሰው ነበር። በሩቲሊዮ ወንዝ ዳር ማሳ ላይ በቢጫ ከረጢት የሚሸጠውን የተዳቀለ በቆሎ ዘራ። ዝናቡ ሲያበቃ ሙዚቀኛ ይዞ መጣ፤ በሬ ታረደ፤ ለሁላችንም ቢጫ ቆብ ታደለን። በቆሎው፣ እውነቱን ልናገርና፣ ያምራል። ራሱ እንደ ክንድ የወፈረ፣ ፍሬው እስከ ጫፍ የሞላ። ሩቲሊዮ በዚያን ጊዜ የገበሬዎች ማኅበሩ ሊቀመንበር ነበረና መድረክ ላይ ወጥቶ «ከዛሬ ጀምሮ የአያቶቻችንን በቆሎ ለዶሮ ተዉት!» አለ። አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ።

በሚቀጥለው ዓመት የዳገቱ ሰዎች ሁላችንም ቢጫውን ከረጢት ገዛን። የእኔ መሬት ሙሉ በሙሉ ቀይ አፈር ነው። በቆሎው በቀለ፣ ጉልበት ደረሰ፣ እዚያው ቆመ። ቅጠሉ ወይን ጠጅ መሰለ። ራስ ያወጣው ጥቂቱ፣ ያወጣውም ጥርሱ እንደረገፈ ሽማግሌ ነበር። በዚያ ዓመት ሚስቴ ለቂጣችን ለቶርቲያ የሚሆን በቆሎ ከገበያ ገዛች። በቆሎ አብቃይ ሆኖ በቆሎ መግዛት ምን ማለት እንደሆነ ያልደረሰበት አያውቀውም።

ስሞታ ስናበዛ ሳልዳቫር ወደ ማኅበሩ አዳራሽ ጠራን። ሩቲሊዮ አጠገቡ ተቀምጧል።

«ዘሩ ጥፋት የለበትም» አለ ኢንጂነሩ። «ጥፋቱ የእጅ ነው። ማዳበሪያውን በሰዓቱ አልሰጣችሁም፣ አረሙን አላነሳችሁም። ይኸው ዘር ዶን ሩቲሊዮ ማሳ ላይ ምን እንደሠራ በዓይናችሁ አይታችኋል።»

«የዳገት ሰው እንቅልፍ ይወዳል» አለ ሩቲሊዮ። ጥቂት ሰዎች ሳቁ።

እኔ አንገቴን ደፋሁ። ከኋላ በኩል አግዳሚ ወንበር ሲንኳኳ ሰማሁ። ትራንሲታ ነበረች። ከዳገቷ የነቀለችውን አገዳ ከነአፈሩ ተሸክማ ወደ ፊት መጣችና በሳልዳቫር ወረቀቶች ላይ ዘረጋችው።

«ሥሩን እየው» አለችው። ሥሩ አጭር፣ ወፍራም፣ እሳት የነካው ጣት ይመስላል። «እኔ ሦስቴ አርሜዋለሁ። ማዳበሪያውን በቀኑ ሰጥቼዋለሁ። እናትህ መጥታ ብታርመው እንኳ ይሄ ሥር ወደ ታች አይወርድም! ይሄ አፈር ያቃጥለዋል። ወንዝ ዳር የበቀለውን አሳይተህ ለዳገት ሸጥክልን!»

«እመቤቴ፣ ሳይንስ በጩኸት አይሠራም።»

«በጭፈራም አይሠራም! ሙዚቀኛ ጭነህ የመጣኸው አንተ ነህ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሳልዳቫር ፊቱ ቀላ። አፈሩን ከወረቀቱ ላይ በእጁ ጀርባ ጠረገና «ማስረጃ ካለሽ ቁጥር አምጪ፤ ቁጥር የሌለው ወሬ ነው» አላት።

ስንወጣ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። «አንተስ?» አለችኝ። «አፍህን ማን ለጎመው? ልጆችህ የተራቡት በእንቅልፍህ ነው?» ለሦስት ሳምንት ሰላም አላለችኝም።

ዝናቡ ሲመለስ ቁጥሩን ልታመጣ ተነሳች። የኩባንያውን ሁለት ዓይነት ዘር፣ ማለትም ቢጫውን ከረጢትና ማንም የማይጠይቀውን አረንጓዴውን ከረጢት ገዛች፤ ሦስተኛ፣ ቆሮቆንዳው ቀጭን የሆነውን የአያቶቻችንን በቆሎ፣ ኦሎቲዮን ጨመረች። ሦስቱን ጎን ለጎን በአራቱም አፈር ላይ፣ ለእያንዳንዱ አራት አራት መስመር፣ የመስመሩ ርዝመት ሃያ እርምጃ። ርቀቱን በተቋጠረ ገመድ ለካች። ማዳበሪያውን በሳርዲን ቆርቆሮ ሰፈረች፤ ለወንዝ ዳሩ አልጨመረች፣ ለዳገቱ አላዘነች። እኔ ይቅርታ ለመጠየቅ ብዬ ገመድ ያዥ ሆንኩ። ገመዱ ትንሽ ከላላ «ወጥር! አንተ እንደ ምላስህ አታለስልሰው!» ትለኛለች።

ሩቲሊዮ በፈረሱ ሲያልፍ ወንዝ ዳር አገኘን። «እህቴ፣ ለበቆሎው ልብስ ልትሰፊለት ነው?»

ቀና አላለችም። «ለአንተ መገነዣ ነው የምለካው።»

በክረምቱ አጋማሽ እንደ ልማዱ ዝናቡ ለሃያ ቀን ጠፋ። አሸዋው ላይ የቢጫው ቅጠል እንደ ትምባሆ ተጠቀለለ፤ አረንጓዴው ግን ጠዋት ጠዋት እየተፈታ ቆየ። ትራንሲታ ማሳው መሃል ተቀምጣ ፖዞሏን፣ በውሃ የተበጠበጠ የበቆሎ ሊጥ፣ ከቅል እየጠጣች ታየዋለች። አረንጓዴው አጭር ነው፤ ለዓይን አይሞላም። «ይሄን ለምን እንዳላሳዩን ገባህ?» አለችኝ። «ፎቶ ላይ አያምርማ!» ደስ ያላት መስሎኝ ነበር። ይልቅ ባሰባት። መድኃኒቱ በእጃቸው እያለ መርዙን እንደሸጡልን ገብቷት ነበርና።

ልንመዝን አንድ ሳምንት ሲቀረን የሩቲሊዮ ላሞች ዳገቷ ላይ አደሩ። ጠዋት ስንደርስ ከታች ጀምረው ሽቅብ በልተው፣ የሁሉንም መስመር ግማሽ ጨርሰውታል። ትራንሲታ በቆሎውን አላየችም። ቀጥታ ወደ አጥሩ ሄዳ የሽቦውን ጫፍ በሁለት ጣት ይዛ አገላበጠችው። ከዚያ ገጀራዋን አንስታ ቁልቁል ወረደች። ሮጬ ተከተልኳት፤ በእውነት ደም ይፈሳል ብዬ ነበር።

ሩቲሊዮ ቁርሱን እያኘከ በሩ ላይ ወጣ። «ከብት አፍ እንጂ አእምሮ የለው፤ ምን ላድርግልሽ?»

«ሽቦው በፒንሳ ነው የተቆረጠው» አለችው። ድምጿ ዝቅ ማለቱ ይበልጥ አስፈራኝ። «ላሞችህ ፒንሳ መያዝ ከመቼ ወዲህ ነው የተማሩት?»

«እኔ ቆረጥኩት ነው የምትዪኝ? በአባታችን አጥንት!»

«የአባታችንን አጥንት ተወው! ሥጋውን በልታችሁ ለእኔ ያስቀራችሁልኝ አጥንቱን ብቻ ነው!»

ገጀራውን ሰነዘረች። የበሩ መቃን ላይ አንድ ጣት ያህል ገባ። ሩቲሊዮ ጉርሻው አፉ ውስጥ እንዳለ ነጭ ሆኖ ቀረ። ዞራ ሄደች። በማግስቱ ተመልሳ መጥታ፣ እግሯን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ገጀራውን ነቀለችው፤ ለሥራ ያስፈልጋታላ። ሽቦውን ማን እንደቆረጠው እስከ ዛሬ በማስረጃ አይታወቅም። እኔ የማስበውን አስባለሁ።

የተበላውን ምን ታደርጊዋለሽ አልኳት። «በግምት ሙዪው» ሊላት የሞከረም ነበር። እሷ ግን ገመዷን ይዛ ወጣችና የቀሩትን የሦስቱንም ማሳዎች መስመር በግማሽ አሳጠረች፤ ሁሉም ቦታ አሥር እርምጃ ብቻ እንዲመዘን። ወንዝ ዳር የቆመውን ያን ሁሉ በቆሎ ከምዘናው ስታወጣ ገመዱን እየጎተተች ትራገም ነበር። «ግማሽ ከግማሽ ነው የሚወዳደረው» አለች። «ሌባ ብሆን እኔም ቆብ አድል ነበር።»

በምዘናው ቀን መንደሩ በሙሉ መጣ። ሳልዳቫርም ጥሪ ደርሶት ፎቶ ማንሻ አንግቶ መጣ። ፈልፍለን ተንጠልጣዩ ሚዛን ላይ እየሰቀልን፣ ቁጥሩን የምታነበው የትምህርት ቤቱ መምህርት ሆነች፤ ትራንሲታ ራሷ ሚዛኑን አልነካችውም። ወንዝ ዳር ቢጫው ሃያ ኪሎ፣ አረንጓዴው አሥራ ስድስት፣ ኦሎቲዮ አሥራ ሁለት። ሳልዳቫር ፈገግ አለ። ዋልካው ላይ ቢጫው አሁንም በትንሹ መራ። አሸዋው ላይ ግን ቢጫው ሰባት፣ አረንጓዴው ዘጠኝ። ቀዩ ዳገት ላይ አረንጓዴው ሰባት ኪሎ፣ ኦሎቲዮ ስድስት። ቢጫው ሲሰቀል መምህርቷ ጠጋ ብላ ሁለቴ አየችና «ሦስት» አለች።

ያን ሦስት የእኔ ጎተራ ያውቀዋል።

«ይኸው ቁጥርህ» አለችው ትራንሲታ። «እጁ አንድ ነው፤ ያው የእኔ እጅ። አፈሩ ነው አራት።»

ሳልዳቫር ሁሉንም ጻፈ። አመሰገናት እንኳ። አንድ የወንዝ ዳር ቢጫ በቆሎ አስይዞ ፎቶ አነሳት፤ ቁጥሩን ለአለቆቹ እንደሚያደርስ ቃል ገባ። አመንነው።

በሚቀጥለው የዘር ወቅት ቪያፍሎሬስ ከተማ ወደ ዘር መደብሩ ሄድን። በሩ ላይ፣ ከእኔ ቁመት የሚበልጥ ወረቀት ተለጥፏል። ትራንሲታ ናት፤ ያን በቆሎ እንደያዘች። ከሥሩ በትልቁ «ዶኛ ትራንሲታ መዝና አረጋገጠች! የሚወዳደረው የለም!» ይላል፤ የወንዝ ዳሩ ምርት ብቻ በሄክታር ተባዝቶ ተጽፏል። ዳገቱ የለም። አሸዋው የለም። ወረቀቱ ሥር ከሌሎች የዳገት መንደሮች የመጡ፣ ቀይ አፈር ጫማቸው ላይ የደረቀባቸው ሰዎች ቢጫ ከረጢት ተሸክመው ይወጣሉ።

ለረጅም ጊዜ ቆማ አየችው። ከዚያ ከላይ ጫፍ ይዛ እስከ ታች ቀደደችው።

ሻጩ ከውስጥ ሮጦ ወጣ። «ሴትዮ፣ ምን ነካሽ? ንብረት እኮ ነው!»

«ፊቱ የማን ነው? የእኔ! በፊቴ ሰው አታስርብም!» ወደ ሰዎቹ ዞረች። «እናንተ! መሬታችሁ ቀይ ነው? አስቀምጡት! መልሳችሁ አስቀምጡት ነው የምላችሁ!»

ሻጩ «ዘሩን እሷ ምን ታውቃለች» ብሎ ሊሳለቅ ሲጀምር፣ አፌ እንዴት እንደተከፈተ አላውቅም፤ «ሦስት ኪሎ!» ብዬ ጮህኩ። «እኔ ቆሜ ነበር! ዳገት ላይ ሦስት ኪሎ ነው የሰጠው! የእኔንም ቤት ያራቆተው ይሄው ነው!» ከተሸካሚዎቹ ግማሾቹ ከረጢቱን አስቀመጡ። ግማሾቹ ይዘውት ሄዱ፤ ፎቶው ያምር ነበርና።

ትራንሲታ አረንጓዴውን ከረጢት ጠየቀች። ሻጩ ትከሻውን ሰበቀ። «ቀርቷል። ፈላጊ ስለሌለው ማምረቱን አቁመዋል።»

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ መንገዱን በሙሉ የፊት ወንበሩን ብረት ይዛ እንደጨበጠች ነው የደረስነው።

ያመጣችው ለውጥ ትልቅ ነው ብዬ አልዋሽም። ኩባንያው አሁንም ይሸጣል። ሳልዳቫር ዕድገት አግኝቶ ወደ ዋና ከተማው ሄደ አሉ። እኛ የዳገቱ ሰዎች ወደ ኦሎቲዮ ተመለስን፤ ማቃጠሉን እንዲያበርድልን ቀዩ አፈር ላይ ኖራ መበተን ጀመርን፤ ምርቱ ቀስ እያለ ተሻሻለ፤ ሚስቴ ከገበያ በቆሎ መግዛት አቆመች። ትራንሲታ ግን በየዓመቱ በአዲስ ከረጢት የሚመጣውን ሁሉ በአራቱም አፈር ላይ ዘርታ ትመዝናለች። ውጤቱን የማኅበሩ አዳራሽ ግድግዳ ላይ፣ መንገደኛ ሁሉ እንዲያነበው፣ በጥቁር ቀለም በአራት አምድ ትጽፋለች። ሩቲሊዮ ሊቀመንበር ሳለ ሁለት ጊዜ በኖራ አስቀባው። ሁለቴም መልሳ ጻፈችው፤ ቁጥሩን ከቀድሞው አግዝፋ።

ዘንድሮ ጉልበቷ ስለደከመ መሰላሉ ላይ የምወጣው እኔ ነኝ። እሷ ታች ባርኔጣዋን ወደ ኋላ ገፍታ፣ ወገቧን ይዛ ትቆጣጠረኛለች።

«አበልጅ፣ ያ ሰባት ነው ወይስ ማጭድ? አስተካክለው! ሰው ዘር የሚገዛው ይሄን አይቶ ነው!»