የቆሮሶዋ ጾም

እጄ አያርፍም። ልጅ ሆኜ የደረቀ ቁስሌን የምልጥ፣ የዘራሁት በቆሎ በቀለ አልበቀለ እያልኩ አፈሩን ገልጬ የማይ ሰው ነበርኩ። ደብረ ታቦር ላይ የከፈትኩትን ፎቶ ቤት ያቆመልኝም ይኸው ዕረፍት የማያውቅ እጄ ነው። የደንበኛ ኮሌታ አስተካክላለሁ፣ አገጭ ቀና አደርጋለሁ፣ ነጠላ ጎተት አደርጋለሁ። ሰው ሁሉ ትንሽ ቢነካካ የሚያምር ይመስለኛል።

የዓሣው ነገርም የመጣው ከዚሁ ነው። የፎቶ ቤቴ ግድግዳ ላይ የተሳለው ፏፏቴ ቀለሙ ተላልጦ ነበር፤ የከተማው ሙሽራ ሁሉ ፊቱ ቆሞ ፎቶ ተነስቷል። እኔ ደግሞ ከደንበኛ ጀርባ ሕይወት ያለው ነገር ማየት አማረኝ። መስኮት የሚገጥመው ጎረቤቴ ወፍራም መስታወት ቆርጦ ርዝመቱ ሁለት ክንድ የሚሆን ገንዳ ሠራልኝ። ባሕር ዳር ወርጄ ማጣሪያና የውሃ ማሞቂያ ገዛሁ፤ የእኛ አገር ብርድ ለዓሣ አይሆንም። ጣና ዳር ያገኘሁት አንድ ዓሣ አስጋሪ መዳፍ የማይሞሉ ቆሮሶ የሚባሉ ሁለት ዓሣዎች፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ከውሃ ሣር ጋር በጀሪካን አድርጎ ሰጠኝ። ሚኒባሱ ውስጥ ተሳፋሪው ሁሉ "ለስንት ሰው ወጥ ይበቃሉ?" እያለ ሲስቅብኝ ደብረ ታቦር ገባን።

በዚያው ሰሞን አባቴን ወደ እኔ አመጣኋቸው። እናቴ ካረፈች ዓመት አልሞላትም። አባቴ ከገሳይ ወጣ ብሎ ባለው ቀዬአቸው ብቻቸውን ነበሩ፤ የደም ግፊት አለባቸው፣ ከስተዋልም። እህቴ ከወንዝ ማዶ ሆና በየቀኑ ትጠይቃቸው ነበር፤ እኔ ግን ከራሴ በቀር ማንን አምኜ አውቃለሁ! "ከእኔ ጋር ይቀመጣሉ፣ አለቀ" ብዬ ሣጥናቸውን ሚኒባስ ላይ ጫንኩት። አልተቃወሙም። በኋላ ሳስበው፣ እሺም አላሉም።

ቀን ቀን ፎቶ ቤቱ ጥግ ወንበር ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይቀመጣሉ። እኔ ከዓሣው ጋር ግብግብ ይዣለሁ። አሸዋውን ከኋላ ከፍ፣ ከፊት ዝቅ አድርጌ ሣሩን በመስመር እተክላለሁ። ጠዋት ስመጣ ወንዱ ቆሮሶ መሀሉን እንደ ሰፌድ አክብቦ ቆፍሮታል፤ ሣሩ ተነቅሎ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፣ የቆለልኩት ዳገትም ተንዷል። እንደገና እተክላለሁ፤ እንደገና ይነቅላል።

ሳምንት ሙሉ ሲያዩኝ ከርመው አባቴ ተናገሩ።

"ምን በደለህና ነው እንዲህ የምትሟገተው?"

"ተክሉን እየነቀለብኝ እኮ ነው አባባ።"

"አንተ ነህ እንጂ መኝታው ላይ የምትዘራበት። በሰው መደብ ላይ ገብስ ይዘራል?"

ተነስተው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። አባቴ በየዓመቱ በበጋ ከመንደሩ ሰው ጋር ተራራ ላይ እርከን ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። ከጓሮ ጠፍጣፋ ጠፍጣፋ ድንጋይ መርጠው አጠቡና ገንዳው ውስጥ መደርደር ጀመሩ። እኔ ለዓይን ያምራል ብዬ ድንጋዩን አቁሜ ሳስገባ እጄን መለሱት። "ድንጋይ ተኝቶ ነው አፈር የሚይዝ" አሉኝ። ከኋላ ወደ ፊት የሚወርድ ሦስት እርከን ሠሩ፤ በየእርከኑ ላይ ሣሩን ተክለው ሥሩን በጠጠር ከበቡት። የፊተኛውን አሸዋ ባዶውን ተዉት። "ይሄ የሱ ድርሻ ነው፤ እንዳትነካበት" አሉ። ባዶ ቦታ አልወድም፤ ግን እጄን ሰበሰብኩ። በማግስቱ ወንዱ ድርሻውን ሲቆፍር አገኘሁት፤ አንድም ሣር አልተነቀለም።

ቆሮሶ ቅጠልም ይቀነጥባል። አባቴ "ጠግቦ የዋለ ከብት አጥር አይጥስም" ብለው በየቀኑ ጎመን ቆራርጠው ይሰጧቸው ጀመር። ሴቷ እየቆየች ለመደቻቸውና ከጣታቸው ትቀበል ጀመር። እናቴ ከሞተች ወዲህ አባቴ ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ደስታዬን አልችለው አልኩ። እንግዲህ እኔ ዘንድ ይቀራሉ ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። አባቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አይቀምሱም፤ ከዚያም በኋላ የሚበሉት ለወፍ አይበቃም። ከፊታቸው ቁጭ ብዬ ጉርሻቸውን እቆጥራለሁ። ዛሬ ሰባት፤ ዛሬ አምስት። ሌላ ሞት ፈራሁ፤ እውነቱ ይኸው ነው። ጠዋት ቢበሉ ብዬ ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ አልሆነም። በመጨረሻ ሳልነግራቸው ንስሐ አባታቸው ሆነው የያዟቸው የሰፈራችን ቄስ ዘንድ ሄድኩ። ቄሱ እኛ ቤት ድረስ መጥተው "ታማሚ ነዎት፤ ጠዋት እንዲቀምሱ ፈቅጄልዎታለሁ" አሏቸው። አባቴ መስቀሉን ተሳለሙ እንጂ አልተከራከሩም። በማግስቱ ጠዋት ያቀረብኩትን ሽሮ በሉ፤ እስኪጨርሱ ቀና ብለው አላዩኝም።

ሳምንት ያህል እንዲህ ከሆነ በኋላ ሴቷ ቆሮሶ ምግብ አቆመች። ጎመኑን አባቴ ቢዘረጉላት ዞር ትላለች። ከላይኛው እርከን ሣር ውስጥ ተሸጉጣ ትውላለች፤ ጉሮሮዋ አብጧል። በሦስተኛው ቀን እኔ መረብ አነሳሁ።

"ተዋት። አልታመመችም፤ አፏ ውስጥ የያዘችው ነገር አለ" አሉ አባቴ።

"አንቋት ከሆነስ? ልትሞት ነው እኮ አባባ!"

አልሰማኋቸውም። ሣሩን ገላልጬ፣ አንዱን እርከን አፍርሼ ያዝኳት። ሳፋ ውስጥ ሳስገባት አፏን ከፈተችና የማሽላ ፍሬ የሚያህሉ ቢጫ እንቁላሎች ሳፋው ውስጥ ተበተኑ። ወዲያው ለዓሣ አስጋሪው ደወልኩለት። ቆሮሶ እንቁላሏን በአፏ ይዛ እንደምትፈለፍል፣ እስኪፈለፈሉም እህል እንደማትቀምስ ነገረኝ። መልሼ ገንዳው ውስጥ ብከታት፣ እንቁላሎቹንም ባፈስላት አላነሳቻቸውም።

አባቴ ባዶውን ሳፋ አይተው "የእሷንም ጾም አስፈታሃት" አሉ።

 በዚህም አላበቁም።

"የዘንድሮውን ሁዳዴ ስለ እናትህ ነበር የያዝኩት። የግፊቱን መድኃኒትም ከዘጠኝ በኋላ እውጠው ነበር። መቼ ጠየቅኸኝ?"

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። እግራቸው ላይ ወደቅሁ፤ አነሱኝ። ይቅርታውንም ሰጡኝ። ግን "ቤቴ ውሰደኝ" አሉኝ። ቅዳሜ ሣጥናቸውን መልሼ ጫንኩት። ከመሄዳቸው በፊት ያፈረስኩትን እርከን በእጃቸው መልሰው ሠሩት።

ከፋሲካ በኋላ ሴቷ ቆሮሶ እንደገና ጎመን እምቢ አለች፤ ጉሮሮዋ እንደገና አበጠ። እኔ ራሴን አውቃለሁ። መረቡን ወስጄ ለባለ መስታወቱ ጎረቤቴ ሰጠሁትና "እግርህ ላይ ወድቄ ብለምንህ እንኳ እንዳትሰጠኝ" አልኩት። አብዷል ብሎ ሳይሆን አይቀርም የሳቀው። ከዚያ እህቴ ስልክ ላይ ደውዬ አባቴን አገኘሁ።

"ትበላለች?" አሉኝ።

"አትበላም። ይዛለች።"

"አንተስ?"

"መረቡ ጎረቤት ጋ ነው አባባ።"

ሳቁ። 

"እንግዲያማ እሑድ ና" አሉ። "ልትወስደኝ እንዳይሆን። ልትጠይቀኝ ና።"

እሑድ ሄድኩ። እህቴ ገበታ አቀረበች፤ አባቴና እኔ ፊት ለፊት ተቀመጥን። ስለ ዓሣዋ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ እናቴም ሳይቀር አወራን። ስንት ጊዜ እንደ ጎረሱ አልቆጠርኩም።