ደም የነካው ዋንዛ

እናቴ ቁርአን መቅራት የጀመረችው እኔ ጢም ካወጣሁ በኋላ ነው። ልጅነቷን ጨፋ ሮቢት ገበያ ቅቤ ስትሸጥ ጨርሳው፣ ፊደል የሚባል ነገር አጠገቧ አልደረሰም ነበር። ከሚሴ ከገባን በኋላ የሰፈራችን ሴቶች ከዙሁር ሶላት በኋላ እየተሰበሰቡ መቅራት ሲጀምሩ እሷም ገባች። «አሊፍ» ለማለት ታፍር የነበረች ሴት፣ ቀስ በቀስ ቁርአኑን ከዳር እስከ ዳር ልትጨርስ ጥቂት ገጾች ቀሯት። ጨርሳ የምታኸትምበት ጁምዓ ተቆረጠ። ሴቶቹ እኛ ቤት ሊመጡ፣ የመጨረሻዎቹን ሱራዎች እነሱ ፊት ልትቀራ።

«ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስቀራ ወገቤን ይይዘኛል» አለችኝ አንድ ጠዋት። «አንተ እንጨት ቤት አይደል የምትውለው? ማስቀመጫ አትሠራልኝም?»

የምውለው አጎቴ ጋ ነው። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ደሴ መንገድ ዳር በርና አልጋ ይሠራል። መዋል ግን መሥራት አይደለም። ትንሽ እንጨት እልጋለሁ፣ ትንሽ እቆርጣለሁ፣ ከዚያ ስንኝ ይመጣብኛል፤ በአናጢ እርሳስ ያገኘሁት ሳንቃ ላይ እጽፈዋለሁ። አንድ ቀን አጎቴ በር ገጥሞ ሲመለስ፣ «ደንበኛዬ በሩ ጀርባ ላይ ያንተን ትካዜ አግኝቶ ‹ይሄም ከሒሳቡ ውስጥ ነው?› አለኝ» ብሎ ሠራተኛውን ሁሉ አሳቀብኝ።

ጎረቤቶች «ልጅሽ ሥራው ምንድን ነው?» ሲሏት እናቴ «ይጽፋል» ትልና ወሬ ትቀይራለች። ያንን አቀያየሯን አውቀዋለሁ። ስለዚህ እሺ ስላት የፈለግሁት ወገቧን ማሳረፍ ብቻ አልነበረም። ሴቶቹ ፊት «ልጄ የሠራው ነው» እንድትልና ወሬውን እንዳትቀይር ፈልጌ ነበር። ለዚያ ቀን የማነብላት ግጥምም ቃል ገባሁላት።

የቁርአን ማስቀመጫ ከአንድ ሳንቃ ይወጣል። ሚስማር የለው፣ ኮላ የለው። መሃሉ ላይ ጥርሶች ይፈለፈሉና ከላይና ከታች በመጋዝ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ ጥርሶቹ እንደተጠላለፉ ሲቀሩ እንደ መቀስ ይከፈታል፣ ይታጠፋል። አስቸጋሪው እሱ ነው፤ እኔ ግን ተሳካልኝ። ያንን የዋንዛ ሳንቃ ገና ስከፍተው ሲጢጥ እንኳ ሳይል እጄ ላይ ተዘረጋ። አጎቴ ከፈተው፣ አጠፈው፣ ደግሞ ከፈተው።

«ማሻ አላህ። በቃ፣ አትንካው አሁን።»

እኔ መተው አልችልም። ግጥሜም እንዲሁ ነው፤ ካለቀ በኋላ አንድ ቃል እጨምርና አበላሸዋለሁ። ፊቱ ላይ አበባ ልቅረጽበት አልኩ። ሐሙስ ጠዋት፣ ሞርሳ ላይ ማሰር ሰንፌ በግራ እጄ ደግፌ መሮውን ገፋሁት። የእንጨቱ መስመር የሚሄድበትን አላየሁም። መሮው አበባውን ከላይ እስከ ታች ሰንጥቆት መጣና መዳፌ ውስጥ ገባ።

ደሙን መጀመሪያ ያየሁት እንጨቱ ላይ ነው። ያልተቀባ ዋንዛ ደም ይጠጣል።

አጎቴ እጄን አጥቦ በጨርቅ ጥብቅ አድርጎ አሰረልኝ። ከዚያ ሳንቃውን አነሳ። «ይሄ ነጃሳ ነው፤ ቁርአን አይቀመጥበትም። እርጥብ ጨርቅ እያመላለስክ ቦታውን ብቻ እጠበው። ከዚያ ጥላ ላይ አድርቀው።»

ሰማሁት። ግን ያ ቀይ ነገር ዓይኔ እያየ ወደ ውስጥ ሲሰርግ መታገስ አቃተኝ። ጄሪካኑን አንስቼ ገለበጥኩበት፤ እንደ ካልሲ አሸሁት። ደሙ ለቀቀ። ጥርሶቹ ግን ውሃውን ጠጥተው አብጠው ተናከሱ። እንዲደርቅ ብዬ ቆርቆሮ ጣሪያው ላይ አወጣሁት። የከሚሴን ፀሐይ የሚያውቅ ያውቃል። ሳወርደው አንደኛው እግሩ ተጣሞ፣ ግማሽ ተከፍቶ ደርቆ ነበር። አይዘረጋ፣ አይታጠፍ።

አጎቴ አይቶት ወደ ሥራው ተመለሰ። ቢቀልድብኝ ይሻለኝ ነበር።

እናቴን «አልሆነም፣ ተይው» አልኳት። ከእጄ ወሰደችው። አበባው ላይ ያለውን ስንጥቅ በአውራ ጣቷ ዳበሰችው፣ ከዚያ የታሰረውን እጄን አየች። «ቁርአን ይይዛል አይደል? በቃ።»

ጁምዓ ከሰዓት ሴቶቹ መጡ። እኔ ከመጋረጃው ወዲያ ሆኜ ሻይ እቀዳለሁ። እናቴ ማስቀመጫውን ምንጣፉ መሃል አቆመችው፤ ተጣሞ ያጠረው እግር ስር ጨርቅ አጥፋ ከተተች።

ከሁሉም የምትበልጠው አሮጊት ጎንበስ ብላ አየችው። «ማል ታኤ? ምን ነክቶት ነው እንዲህ የሆነው? ቆሞ ነው ወይስ ሊሄድ ነው?»

«ኮረኮንች ላይ ያለ ባጃጅ ነው የሚመስለው» አለች ሌላዋ። ሳቁ።

«እኔ ነኝ ያጣደፍኩት» አለች እናቴ። «ልጄማ ቀስ ብሎ ሊሠራው ነበር። ድረስልኝ ድረስልኝ ብዬ እጁን አስቆረጥኩት።»

ኩባያው እጄ ላይ ቀረ። አላጣደፈችኝም። አንድ ቀን እንኳ «ደረሰ ወይ?» ብላ አልጠየቀችኝም። በራሷ ቀን፣ በጓደኞቿ ፊት፣ የእኔን ችኮላ ለራሷ ወሰደችው።

«ና አንተ፣ ያዝላት!» ብላ አሮጊቷ ጠራችኝ። ከእነዚህ ሴቶች ያላዘለችኝ የለችም፤ እምቢ አይባልም። አንገቴን ደፍቼ ገብቼ ከእናቴ ጎን ተቀመጥኩ፤ የሚንቀጠቀጠውን የማስቀመጫውን እግር በታሰረው እጄ ተጫንኩት። መቅራት ጀመረች። ድምጿ መጀመሪያ ቀጭን ነበር፤ እየቆየ ሞላ። ከሱራ ወደ ሱራ ስትሸጋገር ሴቶቹ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይከተሏታል። ለአንድ አፍታ ኀፍረቴን ረስቼው ነበር።

መዳፌ ሲሞቀኝ ዝቅ ብዬ አየሁ። ጨርቁ መሃል ላይ ቀይ ወጥቷል፤ እየሰፋ ነው። ካልለቀቅሁ ደሙ እንደገና እንጨቱን ሊነካ ነው፣ ያውም አሁን ቁርአኑ ከላዩ ላይ እያለ። ከለቀቅሁ ይወድቃል። ለቀቅሁ።

ማስቀመጫው ዘመም ሲል እናቴ ዓይኗን ከገጹ ሳታነሳ ቁርአኑን በሁለት እጇ ተቀበለችው። ጉልበቷ ላይ አደረገችው። ወገቧን አጎነበሰች፤ እንደ ድሮዋ። ድምጿ አልተቋረጠም። የመጨረሻውን ሱራ እንደዚያ ሆና ጨረሰች፤ ሴቶቹ አለቀሱ፣ አቀፏት፣ ዱዓ አደረጉላት። እኔ እጄን ከጀርባዬ ደብቄ ማስቀመጫውን ይዤ ወጣሁ። አይታጠፍም፤ ግማሽ እንደተከፈተ ተሸክሜው በሰው መሃል አለፍኩ።

ማታ እናቴ ወገቧን እያሸች፣ «ግጥምህስ?» አለችኝ። «ጽፌልሻለሁ፣ በቀንሽ አነብልሻለሁ ብለኸኝ አልነበር? ለሴቶቹ ነግሬያቸው ነበር እኮ።»

«አላለቀም» አልኳት።

አልቆ ኪሴ ውስጥ ነበር። ሳንቃውን ገና ሳልቆርጠው የጻፍኩት ነው፤ የመጨረሻዎቹ ስንኞች ስለ ማስቀመጫው ማማር ነበሩ።